ግዳዩ የግራዝማች፣ እስራቱ የእኔ

ነገሩ የደረሰው የንጉሡ መንግሥት ከመለወጡ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ወሩ ጥር፣ አስተርዮ ማርያም ያለፈች ሰሞን ነበር። ዓመቱን ልስት እችላለሁ፤ ወሩን ግን አልስትም። ጥር በመጣ ቁጥር ግራ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ያሳክከኛል።

ዘንድሮ ግን ጥር ሳይገባ አሳከከኝ። አንድ የተማረ ሰው በሬዲዮ ስለ ዱር አራዊት ሲናገር፣ በጎጃም ደጋና ቆላ የነበረውን አውሬ የፈጀው አዳኝ ነው አለ። ምሳዬን እየበላሁ ነበር፤ ትቼ ብዕር ፈለግሁ። እኔ አዳኝ ነበርኩ፤ አባቴም አዳኝ ነበር። አልገደልንም አልልም፤ ገድለናል። ነገር ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ነገር አለ። የዚያን ዘመን ትልልቅ ሰዎች ከማንሳት ደሃውን አዳኝ ማንሳት ይቀላል። እኔ የደረሰብኝን ልናገር፤ ፍርዱን አንባቢ ይስጥ።

ሰው እንዳይደናገር ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ጥሩነህ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከሞጣ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ደጋው አልቆ ወደ ዓባይ ቆላ መውረድ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆይቼ ከመምህሬ ጋር ተኳርፌ ወጣሁ። ፊደሉን ከዚያ አገኘኸው፣ ቁጣውን ግን ይዘኸው ነው የተወለድከው ትለኝ ነበር ባለቤቴ ውድነሽ። ከዚያ በኋላ የአባቴን ምንሽር ጠመንጃ ወርሼ፣ እያረስኩም እያደንኩም ኖርኩ።

በእኛ አገር አዳኝ ዝም ብሎ አይተኩስም። ሕግ አለው። የጻፈው የለም፣ የሚሽረውም የለም። የሕጉ ዋና ነገር ይህ ነው፦ ግዳዩ የሚሆነው አውሬውን መጀመሪያ ላደማው ሰው ነው። አንዱ የነብሯን ጆሮ ጫር አድርጎ ቢያደማ፣ ሌላው ደረቷን መትቶ ቢጥላት፣ ግዳይ ጣለ የሚባለው ጆሮዋን ያደማው ነው። ቆዳውን የሚወስደው፣ አናቱ ላይ ቅቤ የሚደረግለት፣ በሰው መሃል ተነሥቶ የሚፎክረው እሱ ነው። የጨረሳት ሰው ደግሞ በእማኝ ፊት «ግዳዩ የእገሌ ነው» ብሎ በአፉ መናገር አለበት። እሱ ካልተናገረ ግዳዩ አይጸናም።

ለማያውቅ ሰው ሞኝነት ይመስላል። አይደለም። አባቴ እንደነገረኝ፣ ይህ ሕግ ባይኖር ኖሮ አዳኝ እርስ በርሱ ይተላለቅ ነበር። የወደቀ አውሬ ላይ ቆሞ የገደለው የኔ ጥይት ነው፣ የለም የኔ ነው ሲባባሉ የሞቱ ሰዎች አሉ። የመጀመሪያውን ደም ግን ሁሉም ያየዋል፤ ክርክር የለውም።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ሹም ሞጣ መጣ። ሳሙኤል ይባላል። አውሬ ለማስጠበቅ የተላከ ነው ተባለ። ካኪ ለብሶ፣ ወረቀት ይዞ፣ በገበያ ቀን አዳኞችን ሰበሰበን። ነብር፣ ጉሬዛና ቀይ ቀበሮ ያለ ፈቃድ መግደል የተከለከለ መሆኑን አነበበልን። ፈቃዱ የት ይገኛል አልነው። አዲስ አበባ አለ። እንግዲህ የሞጣ ገበሬ ለአንዲት ወረቀት እስከ ደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ደጅ ሊጠና ነው።

አንዱ አዳኝ ተነሣና ነብር ጥጃዬን ብትወስድብኝስ ብሎ ጠየቀው። በጽሑፍ አመልክት አለው። ነብሯስ እስከዚያ ትጠብቀኛለች ወይ ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁን ላብ አጠመቀው። አሳዘነኝ እንጂ አልጠላሁትም።

ስለ ቀይ ቀበሮ ሲያስጠነቅቀን ግን አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ ተናገርኩ። ጮቄ ተራራ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ የሚበላው ፍልፈል ነው። በበጎች መሃል አቋርጦ ሲሄድ እረኛው ቀና ብሎም አያየው። እሱን የገደለ አዳኝ ምን ብሎ ይፎክራል? ይሳቅበታል እንጂ። የሚገድሉት በመኪና የሚመጡ ሹማምንትና እንግዶቻቸው ናቸው፤ አዲስ ጠመንጃ ሲገዙ መሞከሪያ ያደርጉታል፣ ሬሳውን እንኳ አያነሡትም። ይህን ወረቀት ሄደህ ለእነሱ አንብብላቸው አልኩት። ብዕሩን አውጥቶ ጻፈው። ጽሑፉ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም። ጮቄ ላይ ዛሬ ቀይ ቀበሮ አየሁ የሚል ሰው ግን አላገኘሁም።

ጥር ሲገባ በእኛ አፋፍ አንዲት ነብር አስቸገረች። መጀመሪያ ሁለት ፍየል ወሰደች። ከዚያ የአንድ ጎረቤቴን ውርንጭላ በላች። ቀጥሎ በጠራራ ፀሐይ የአንዲት መበለት ውሻ ከደጃፏ አንሥታ ሄደች። መዋያዋ የመንደሩ ሴቶች ውኃ ከሚቀዱበት ምንጭ በላይ ካለው ዋሻ ነበር። የመንደራችን ጭቃ ሹም አያ ስንሻው ጠሩኝና ያ ልጅ እንዳለው በጽሑፍ አመልክትልን አሉኝ። በእጄ ጻፍኩ። እሳቸው አተሙበት። መልስ አልመጣም።

በዚህ መሃል ግራዝማቹ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ አሉ፣ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። በቢቸና በኩል ሹመት የነበረው ሰው ነው፤ ሞጣ የመጣው ለዘመዱ ሠርግ ነበር። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ እሱ እያልኩ ስጽፍ የሚከፋው ካለ ይታገሠኝ፤ አንቱታዬን የጨረስኩት በዚያ ዓመት ነው።

ግራዝማቹ መሬት አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ጥሩ ጥሩ በቅሎዎች አሉት። ግዳይ ግን የለውም። በሠርግና በድግስ ሌላው እየተነሣ ሲፎክር እሱ ብርሌውን ይዞ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህ በዚያ ዘመን ለአንድ ባለማዕረግ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከኋላው የሚያሙት ነበሩ።

የነብሯን ወሬ ሲሰማ አስጠራኝ። መነጽር የተገጠመለት አዲስ ጠመንጃ አሳየኝና ወዳለችበት ምራኝ አለ። የሳሙኤልን አዋጅ ነገርኩት። ፈቃድ አለኝ አለ። ወረቀቱን አሳዩኝ አላልኩም። ግራዝማችን ወረቀት አሳየኝ የሚል ገበሬ በዚያ ዘመን አልተወለደም ነበር። ቢሆንም ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ከዋሻው ፊት ለፊት ፍየል አሰርን። ግራዝማቹ፣ ሁለቱ አሽከሮቹ፣ አያ ስንሻውና እኔ ነበርን። ፀሐይ ስትወጣ ነብሯ ብቅ አለች። ትንሽ ይታገሡ፣ ጎኗን ትስጥዎ አልኩት በሹክሹክታ። አልሰማኝም። ተኮሰና የኋላ ጭኗን አገኛት። ጮኻ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ደሟ ድንጋዩ ላይ ተንጠባጥቧል።

ግራዝማቹ ደሙን በጣቱ ነክቶ አየ፤ ደስታው ልክ አልነበረውም። አደማኋት፣ በቃ አለ። ከዚያም የትም አትደርስም፣ ነገ አሽከር ልከን እናስፈልጋታለን፣ አሁን ወደ ሠርጉ እንመለስ አለ።

እኔ ደነገጥኩ። የቆሰለች ነብር ከምንጭ በላይ ትቶ መሄድ ምን ማለት ነው? ትንሽ ቆይቶ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ውድነሽም ከእነሱ አንዷ ናት። ይህን ነገርኩት። እንግዲያውስ ግባና ጨርሳት አለኝ፣ በጋን የተረፈ ጠላ ጨርስ እንደሚባለው ቀለል አድርጎ።

ገባሁ። አሽከሮቹ ጠመንጃ ይዘው ቆመው ቀሩ። አያ ስንሻው ዱላቸውን ብቻ ይዘው ተከተሉኝ። ደሙን እያየሁ ጎንበስ ብዬ እሄድ ነበር። እኔ ሳላያት እሷ አየችኝ። ከቀኝ በኩል ሦስት እርምጃ ላይ ዘለለች። ለማነጣጠር ጊዜ አልነበረኝም፤ ምንሽሬን ወደ ደረቷ አዙሬ ሳብኩ። ወደቀች። ስትወድቅ ግን ግራ ክንዴን ከክርኔ እስከ አንጓዬ ሰነጠቀችው። አያ ስንሻው ነጠላቸውን ቀደው አሰሩልኝ።

ግራዝማቹ ጸጥታው ሲረዝምበት መጣ። እኔ ደሜ እየፈሰሰ፣ እማኝ እየሰማ ሕጉን ፈጸምኩ። «ግዳዩ የግራዝማች ነው፤ መጀመሪያ ያደሟት እርሳቸው ናቸው» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። እንዲያውም ኮርቼ ነው ያልኩት፤ አዳኝ የሚከበረው የራሱ ያልሆነውን ባለመውሰዱ ነው።

ሠርጉ ቤት ቆዳዋን ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። ቅቤ አናቱ ላይ ተደረገለት። ሴቶቹ እልል አሉለት፣ ጥይት ተተኮሰለት። የዕድሜ ልኩን ፉከራ በአንድ ቀን አወረደው። ብቻዬን ገባሁ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ደረቷን አልኳት አለ። እኔ ክንዴን በነጠላ አንጠልጥዬ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። አያ ስንሻው በክርናቸው ጎሰሙኝና ሳቅን። በፉከራ መሃል ትንሽ ውሸት ነውር አይደለም። ለእኔ አምስት ጥይት ሸለመኝና በነጋታው ቆዳውን ይዞ ወደ ቢቸና ተመለሰ።

ከተማው ሁሉ የዘፈነውን ነገር ሳሙኤል ሰማ። ቢያጣራ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ልጁ ደፋር ነበር፣ ይህን አልነሳውም። ቢቸና ድረስ ሄዶ ግራዝማቹን ጠየቀው። ግራዝማቹ በክብር ተቀብሎ ምሳ ካበላው በኋላ፣ እኔ ጭኗን አቆሰልኩ እንጂ አልገደልኩም፣ የገደላት ሞጣ ያለው አዳኝ ጥሩነህ ነው፣ ራሱን ጠይቀው ብሎ ሸኘው።

በሳምንቱ ሁለት ፖሊሶች ቤቴ መጡ። ክንዴ ገና መግል ይዞ ነበር። ምንሽሬን ከተሰቀለበት አወረዱ። ውድነሽ በሩ ላይ ቆማ፣ ነብሯን የገደሉ ግራዝማች ናቸው ብላችሁ ስትዘፍኑ አልነበረም ወይ አለቻቸው። አንደኛው ፖሊስ ሠርጉ ላይ የጨፈረ ነው፤ አንገቱን ደፋ።

እኔ ያን ያህል አልፈራሁም። ግማሹ የሞጣ ሰው ምስክሬ ነው፣ ማን ግዳይ እንደጣለ የማያውቅ የለም ብዬ ተማመንኩ። ውድነሽ ግን ከመሄዴ በፊት፣ የነብርን ጅራት አይዙም ከያዙም አይለቁም፣ አንተ ግን ጅራቱን ራስህ ለሌላ አስጨብጠህ፣ ነብሩ የሚበላው አንተን ነው አለችኝ። እሷ ቅኔ ቤት አልገባችም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ በችሎቱ ቀን ግራዝማቹ መጣ። ለእሱ ወንበር ቀረበለት፤ እኔ ቆምኩ። ምሎ ቃሉን ሰጠ። ለማደን እንዳልተኮሰ፣ ከፍየሏ ላይ ሊያባርራት ብቻ እንደተኮሰ ተናገረ። ፍየሏን ያሰርናት እኛው ነን! ከዚያም «ደሟን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ነፍሷን ያጠፋው ግን እሱ ነው። እኔ አልገደልኩም» አለ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደኔ አልዞረም።

አያ ስንሻው ለምስክርነት ቀረቡ። ዐቃቤ ሕጉ ነብሯን ማን ገደላት ብሎ ጠየቃቸው። ሳያመነቱ ግዳዩ የግራዝማች ነው አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ተቆጣ። በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ እያለ፣ ስለ ግዳይ አልጠየቅሁህም፣ የገደላት ጥይት የወጣው ከማን ጠመንጃ ነው አላቸው።

አያ ስንሻው ግራ ገባቸው። ወደኔ አዩ፣ መሬቱን አዩ። የእኛ ሰው ይህን ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም፤ የአደን ሕጋችን የወጣው ይህ ጥያቄ እንዳይነሣ ነው። ለእሳቸው ነብሯን የገደለ ግራዝማቹ ነው፤ ምንሽሩ የኔ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን መሐላ አለባቸው። በመጨረሻ «ከጥሩነህ ምንሽር» አሉ። ድምፃቸው አይሰማም ነበር፤ ዳኛው ድገመው አሏቸው።

ከዚያ ዳኛው ወደኔ ዞረው እውነት ነው ወይ አሉኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ሁለት ጥይት ነው የተተኮሰው፣ በየትኛው እንደሞተች እግዜር ይወቀው ማለት እችል ነበር። ችሎቱ ውስጥ የተቀመጠው ሳሙኤል እንኳ እንደዚያ እንድል የፈለገ ይመስለኛል፤ ብዕሩን በጣቱ ያሽከረክር ነበር። ግን እንዴት አድርጌ? ክንዴን የሰነጠቀችኝን ነብር አልገደልኳትም ብዬ ወንጌል መትቼ ልማል? «የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ነገር ግን ብዬ ስለ ፍየሏ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ሴቶቹ ልናገር ስል በቃህ ተባልኩ።

ስድስት ወር ተፈረደብኝ። ምንሽሩ ተወረሰ። ቆዳውስ የት አለ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቆዳው ቢቸና፣ በግራዝማቹ እልፍኝ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ሁሉም ያውቃል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። ለካ ግራዝማችም አይከሰስም።

በተፈረደብኝ በሦስተኛው ሳምንት ሳሙኤል ገና ላልዳነው ክንዴ መድኃኒት ይዞ ወህኒ ቤት መጣ። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነበር። ጋሼ፣ ሕጉ የሚለው የገደለ ነው፣ እኔ ሌላ ልጽፍ አልችልም አለኝ። ሕጉን የጻፈው ሰው ነብር አይቶ ያውቃል ወይ አልኩት። አይመስለኝም አለ። ይህን በማለቱ ወደድኩት።

የዚያን ቀን ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። አውሬ እንዲኖር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እኛን ጠይቁን አልኩት። የትኛዋ እንዳረገዘች፣ የትኛው ገደል ባዶ እንደቀረ የምናውቅ እኛ ነን። ነብር መንደር ገብታ ሲያስቸግረን የሚደርስልን ሰው ስጡን፤ እናንተ ከደረሳችሁልን እኛ ለምን እንተኩሳለን? እናንተ ግን መኪና ላለው ፈቃድ፣ ፍየል ላለው ወህኒ ነው ያዘጋጃችሁት። መድኃኒቱን አስቀምጦልኝ ወጣ። ግንቦት ላይ ወደ ሌላ አገር አዛወሩት ሲሉ ሰማሁ። ግራዝማችን ክሰስ ብሎ ስለተከራከረ ነው የሚሉ ነበሩ፤ እውነት ይሁን ውሸት አላረጋገጥኩም።

ያን ክረምት ውድነሽ እርሻውን በደቦ አሳረሰች። በየሳምንቱ የግማሽ ቀን መንገድ በጭቃ ተጉዛ ስንቅ አመጣችልኝ። አንድም ቀን አላማረረችም። ባታማርርም ጫማዋን አያለሁ፣ እጇን አያለሁ።

የተፈታሁት የመስቀል ሰሞን ነው። ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ወደ ቢቸና ዞርኩ። ጭነት መኪና ላይ መሳፈር እችል ነበር፤ ንዴቱ በእግር ይብረድ ብዬ ሁለት ቀን ተኩል ተጓዝኩ። አልበረደም። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ ቆዳውን። በእኛ ሕግ ገደልኩ ያለ ቆዳውን ይወስዳል፤ አልገደልኩም ያለ ደግሞ ይመልሳል። ሁለቱንም መሆን አይቻልም።

በበዓል ቀን የሰው በር አይዘጋም፤ ዘው ብዬ ገባሁ። እልፍኙ በእንግዳ ተሞልቷል። ቆዳዋ ከግራዝማቹ መቀመጫ በላይ ተወጥራ ተሰቅላለች። በቀኙ አንድ የፖሊስ መኮንን፣ በግራው የእናቱ ወንድም ተቀምጠዋል። እኒህ አጎቱ በወጣትነታቸው ጎሽ የጣሉ፣ የታወቁ አዳኝ ነበሩ።

«ግራዝማች፣ እንኳን አደረሰዎ» አልኩ ቆሜ። «በችሎት አልገደልኩም ብለው ምለዋል። እስራቱን እኔ ጨርሼ መጥቻለሁ። እንግዲህ ያልገደሉትን ግዳይ ይመልሱልኝ።»

መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ውሰዳት፣ ማን ከለከለህ» አለኝ። «የነብር ቆዳ ይዞ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደረግ ግን እኚህን ጠይቃቸው» ብሎ ወደ መኮንኑ አመለከተ። እንግዶቹ ሳቁ።

እውነቱን ልናገር፣ ይህን አላሰብኩም ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ ያሰብኩት ስለ ክብሬ ነው። ቆዳውን ይዤ ከዚያ በር ብወጣ ሌላ ስድስት ወር ነው። እሱ በአደባባይ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ከፖሊስ ጋር ጠጅ ይጠጣል። ደሜ ፈላ። ዱላዬን አጥብቄ ያዝኩ፤ በዚያች ሰዓት ነፍስ ከማጥፋት የመለሰኝ እግዚአብሔር ነው። ከዚያ ለእኔ የቀረኝ አንድ ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ፤ እሱንም ፖሊስ አይቀማኝም።

«ቆዳው እዚሁ ይቆይ» አልኩ። «ቃሌን ግን ይዤ እሄዳለሁ። ግዳዩ የግራዝማች ነው ብዬ በእማኝ ፊት የሰጠሁዎ እኔ ነኝ። ዛሬ በእነዚህ ሁሉ ፊት አንሥቻለሁ። ከእንግዲህ ምንም አልገደሉም።»

የሳቀ አልነበረም። አጎቱ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። በችሎት አልገደልኩም ብለሃል ወይ ብለው ጠየቁት። የችሎት ነገር እኮ ነው፣ እንደዚህ ያለ ጊዜ ሰው... ብሎ ጀመረ። ብለሃል ወይስ አላልክም አሉት። ብያለሁ አለ። «አውርደው» አሉት።

ግራዝማቹ ሲነሣ አየሁ። ሲያወርደው ቆሜ ለማየት አልፈለግሁም፤ ወጣሁ። በኋላ አውርዶታል አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በማንም ድግስ ላይ ተነሥቶ ሲፎክር የሰማ የለም።

ይህን ታሪክ ስናገር ብዙ ሰው አንጀቴን አራስከው ይለኛል። እኔም ያን ቀን ከቢቸና ስወጣ እንደዚያው ተሰምቶኝ ነበር። እንደ ድል አድራጊ ነበር የተራመድኩት። ነብሯን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜም አልካድኩም፣ ዛሬም አልክድም። የካደው ሰው ግን አንድ ሌሊት እንኳ አልታሰረም።

ቤቴ ስደርስ ውድነሽ አጎንብሳ ጎመን ትቆርጥ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የአጎትየውን ነገር ሁለት ጊዜ ደገምኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቆዳው የታለ አለችኝ። እዚያው ቀረ አልኳት። ጠመንጃውስ አለችኝ። ተወርሷል አልኳት።

«እሱ ፉከራ ቀረበት፤ አንተ ስድስት ወር ታሰርክ» አለች። «እኩል ሆናችሁ ማለት ነው?»

ውድነሽ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። እስከ ዛሬ ጥያቄዋ ትዝ ባለኝ ቁጥር ልክ እንደ ቢቸናው ቀን ደሜ ይፈላል።